ድንኳን የማይጣልለት ኀዘን

ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት አይገባኝም ነበር። ድሬዳዋ እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ይጣላል፣ የእድሩ አግዳሚዎች ይደረደራሉ፣ እናቶች ጓሮ ንፍሮ ይቀቅላሉ። እኔና እኩዮቼ ሻይ አዳዮች ነን። ሻይ የሚያድል ልጅ ከድንኳን አይወጣም፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር ይሰማል። የምሰማው ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር።

አንዲት ጎረቤታችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጊዜ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሰው ይገባል። "እግዜር ያጽናዎት" ብሎ ይቀመጣል። ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምን አገኛቸው?" ይላል። እሳቸውም ይጀምራሉ። "ሰኞ ለት ደህና ነበር፣ ቁርሱን በልቶ ወጣ..." ብለው እስከ ሆስፒታሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ይነግሩታል። ሌላ ሰው ይገባል። "ሰኞ ለት ደህና ነበር..." ሌላ ይገባል። "ሰኞ ለት..." አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 17 ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ለምን አይተዉአቸውም እል ነበር። ለምን እየቀሰቀሱ ያስለቅሷቸዋል?

አንድ ነገር ግን ያኔም አስተውያለሁ። ታሪኩ እየቆየ ይለወጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን "ቁርሱን በላ" ነው። በማግስቱ "ፉል በላ" ሆነ። በሠልስቱ ደግሞ "ቃሪያ ጨምሪበት አለኝ፣ አንተ ሰውዬ ጨጓራህን ተው እያልኩት" ብለው ፈገግ አሉ። ፈገግታው ብልጭ ብሎ ነው የጠፋው። ግን አየሁት፤ ሻይ ይዤ ፊታቸው ቆሜ ነበር።

ይሄን የማነሳው ስለ ልብ ወለድ ላወራ ነው። በታላላቆቹ አጫጭር ልብ ወለዶች ውስጥ ያሉት ሰዎች ለምን ሁሉም እንዲህ ብቻቸውን ሆኑ የሚለው ነገር ለዓመታት ውስጤ ሲመላለስ ኖሯል። ብዙ አነበብኩ። በኋላ ግን ሁሌ የሚመልሰኝ ወደዚያ ድንኳን ሆነ።

ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኮቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣት አንዲት ታሪክ አለች። አጭር ናት፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይበርድ ታልቃለች። መግቢያዋ ላይ "ኀዘኔን ለማን ልንገር?" የሚል መስመር አለ። ኢዮና የሚባል ሽማግሌ ባለጋሪ፣ ፒተርስበርግ ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ በረዶ እየወረደበት ተሳፋሪ ይጠብቃል። (ኢዮና በእኛ ዮናስ ማለት ነው። ስሙን በእኛ አፍ ስጠራው ሰውዬው ይቀርበኛል።) እሱም ፈረሱም በበረዶ ነጥተዋል፣ አይንቀሳቀሱም። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል።

መጀመሪያ አንድ መኮንን ይሳፈራል። ኢዮና ዞር ብሎ "ጌታዬ፣ ልጄ በዚህ ሳምንት ሞተብኝ" ይለዋል። እና ልብ በሉ፣ መኮንኑ ይጠይቀዋል! "ምን ሆኖ ሞተ?" ይለዋል። እኔ መጀመሪያ ሳነብ እዚህ ጋ ተንፈስ ብዬ ነበር። ኢዮና መላ ሰውነቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይጀምራል፤ ትኩሳት ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ሞተ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው ይላል። ከጨለማው ውስጥ አንዱ መንገደኛ ይጮህበታል፤ ፊትህን እያየህ ንዳ! መኮንኑም ንዳ፣ ንዳ፣ እንዲህ ሆነን ነገም አንደርስ ይለዋል። ኢዮና ደግሞ ዞር ቢል መኮንኑ ዓይኑን ጨፍኗል።

ከዚያ ሦስት ወጣቶች በ20 ኮፔክ ይሳፈራሉ። ይሳደባሉ፣ ይገፈትሩታል። ልጄ ሞተ ቢላቸው አንዱ ሁላችንም እንሞታለን ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ሞት እኮ በር ተሳስቶ ነው፣ ወደ እኔ መምጣት ሲገባው ወደ ልጄ ሄደ ይላል ሽማግሌው። ማንም አይሰማውም። እነሱም ወረዱ። አንድ የበር ጠባቂ ሊያናግር ሞከረ፣ እዚህ አትቁም ተባለ። ማደሪያው ገብቶ ውሃ ሊጠጣ የነቃ አንድ ወጣት ባለጋሪ አገኘና ልጄ ሞተ አለው፤ ወጣቱ ተሸፋፍኖ ተኝቷል።

እዚህ ጋ ቼኮቭ ያስቀመጣት ነገር አለች፤ ወጣቱን ውሃ እንደጠማው ሁሉ ሽማግሌውንም መናገር ጠምቶታል። ልጁ ከሞተ ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ለማንም በወጉ አልተናገረም። በወጉ! ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደተሠቃየ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳለ፣ ቀብሩ እንዴት እንደነበር፣ ልብሱን ሊያመጣ ሆስፒታል እንዴት እንደሄደ፣ ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ መናገር ይፈልጋል። የሚሰማውም ሰው እህ ማለት አለበት፣ መቃተት አለበት፣ ማዘን አለበት።

ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ሰውዬው የሚለምነው ለቅሶ ቤት ነው። ሌላ ምንም አይደለም። "ሰኞ ለት ደህና ነበር" ሊል ነው የፈለገው፤ ገብቶ "ምን አገኘው?" የሚለው፣ ከዚያም እስኪጨርስ የሚቀመጥለት ሰው ነው ያጣው። ጎረቤታችን ያን ለታ 17 ጊዜ ተናገሩ። ኢዮና አንድ ጊዜ እንኳን አልቻለም። መጨረሻ ላይ ጋጣ ገብቶ ለፈረሱ ይነግራታል። አንቺ ግልገል ቢኖርሽ፣ ግልገልሽም በድንገት ቢሞትብሽ አያሳዝንሽም ወይ ይላታል። ፈረሷ ድርቆሽ ታላምጣለች፣ ትሰማዋለች፣ እጁ ላይ ትተነፍሳለች። እሱም ሁሉን ይነግራታል። ታሪኩ እዚህ ያልቃል።

ድሬ ባጃጅ ሳይሞላት በፊት ጋሪ ነበራት። ልጅ ሆነን ከመጋላ እስከ ከዚራ በጋሪ ሄደናል። የአንዱንም ባለጋሪ ፊት አላስታውስም። የማስታውሰው ጀርባቸውን ነው፤ በላብ የረጠበ ሸሚዝ፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ፎጣ።

አሁን አንድ ቃል ላይ ልቁም። በአማርኛ ብቸኛ እና ባይተዋር የሚሉ ሁለት ቃሎች አሉን፣ ስናወራም እናደባልቃቸዋለን። ለእኔ ግን አንድ አይደሉም። ብቸኛ አጠገቡ ሰው የሌለው ነው። ባይተዋር ሰው መሀል ተቀምጦ ከሰዎቹ ያልተቆጠረ ነው። ብቸኛ እረኛም፣ መናኝም ሊሆን ይችላል፣ ደስ ብሎት ሊኖርም ይችላል። ደስ ያለው ባይተዋር ግን አይቼ አላውቅም። አየርላንዳዊው ደራሲ ፍራንክ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስለ አጭር ልብ ወለድ በጻፈው መጽሐፍ ይሄ ጥበብ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የብቸኝነት ድምፅ አለበት ብሎ ይከራከራል፤ ከኅብረተሰቡ ዳር የተገፉ ሰዎች ጥበብ ነው ይላል። ብዙውን እስማማለሁ። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ግን ብቸኝነት ሳይሆን ባይተዋርነት ይለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም በረሃ ላይ አይደሉም። ኢዮና ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው፣ ያን ምሽት ብቻ ስንት ሰው አግኝቷል። ሰው ሞልቷል። የሚቀመጥ ነው የጠፋው።

ኦኮነር ነገሩን የሚጀምረው ከሩሲያዊው ደራሲ ከጎጎል ነው፣ ልክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 የወጣው "ካፖርቱ" የሁሉም አባት ነው። ድሬ ላይ ሆኖ ስለ ካፖርት መጨነቅ ይከብዳል፤ እኛ በሰኔ ሙቀት ፍራሽ አውጥተን ደጅ የምናድር ሰዎች ነን። ግን አካኪ አካኪየቪች ካፖርቱን የፈለገው ለብርድ ነው፣ የፒተርስበርግ ብርድ ደግሞ ይገድላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ የሚገለብጥ ተራ ጸሐፊ ነው። ወጣት ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል፣ ወረቀት ቀዳደው ጭንቅላቱ ላይ እየበተኑ በረዶ ዘነበ ይላሉ። እሱ ዝም ብሎ ይጽፋል። ሲብስበት ብቻ "ተዉኝ፣ ለምን ታስቀይሙኛላችሁ?" ይላል። አንድ አዲስ የገባ ወጣት ይሄን ሰምቶ ይደነግጣል፤ ከቃሉ ሥር ሌላ ቃል ይሰማዋል፦ "ወንድምህ ነኝ።" እኛ በቀን ስንቴ ነው ወንድሜ የምንለው? ለባጃጁ ወንድሜ፣ ለአስተናጋጁ ወንድሜ። እዚያ ታሪክ ውስጥ ግን ቃሉ ይከብዳል፣ አንዱን ወጣት ዕድሜ ልኩን ነው የሚከተለው።

አካኪ ለአዲሱ ካፖርት 80 ሩብል ለማጠራቀም የማታ ሻዩን ተወ፣ ሻማ ማብራት ተወ፣ ጫማው እንዳያልቅ በእግሩ ጣት መራመድ ጀመረ። አንድ ቀን ለበሰው። በዚያው ምሽት ሰረቁት። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ዘንድ ሄዶ አቤት ቢል ጮኸበት። ታሞ በጥቂት ቀናት ሞተ። መሥሪያ ቤቱ መሞቱን የሰማው ተቀብሮ በአራተኛው ቀን ነው፤ በማግስቱ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ግን ያዘመመ። ጎጎል ይሄን የእጅ ጽሕፈት ነገር ለምን እንደጨመረው ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ ሁልጊዜም ያመኛል። አካኪ በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖር የእጅ ጽሕፈቱ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይሄ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል። ካፖርት ሲጠፋ ድንኳን አይጣልም። ኢዮና ድንኳን የሚገባው ኀዘን ነበረበት፣ አገሩ አልጣለለትም። አካኪ ግን ከእሱም የባሰ ነው፤ ኀዘኑ ኀዘን ተብሎ አልተቆጠረም። ካፖርት ጠፋ ብሎ ለቅሶ የሚደርስ ሰው የት አለ? እኔ እነዚህን ታሪኮች ሳነብ የምፈልገው አሁን አንድ ነገር ሆኗል። ይሄ ሰው ምን ሞቶበት ነው፣ ድንኳን ያልተጣለለት?

የካትሪን ማንስፊልድን ሚስ ብሪል እንኳ በዚህ ዓይን ነው የማያት። እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣች ታሪክ ናት። አንዲት ያላገባች እንግሊዛዊት መምህርት በአንድ የፈረንሳይ ከተማ እሑድ እሑድ አሮጌ የፀጉር ልብሷን አንገቷ ላይ አድርጋ መናፈሻ ትቀመጣለች፣ የሰውን ወሬ ትሰማለች፣ እኔም የዚህ ትርዒት አንድ ክፍል ነኝ ብላ ደስ ይላታል። አንድ ቀን ሁለት ፍቅረኞች አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ እሷን ማን ይፈልጋታል፣ ለምን ቤቷ አትቀመጥም ሲሉ ትሰማቸዋለች፣ በፀጉር ልብሷም ይስቃሉ። እሑድ እሑድ የምትገዛትን ኬክ ሳትገዛ ቤቷ ገባች። የፀጉር ልብሷን ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን ስትገጥም የሆነ ነገር ሲያለቅስ የሰማች መሰላት። በቃ። ኬኳ ላይ አንዳንዴ ለውዝ ታገኝበት ነበር፣ ያ ቀን በዓሏ ነበር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ያ ለውዝ ነው።

ድሬ ላይ ባይተዋር የለም ይባላል። እኔም እል ነበር። በር አይዘጋም፣ ሰው ሳይጠራ ይገባል፣ ከሰዓት ሲሆን በየበርጫው ጨዋታው ይደምቃል፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው አንድ ፍራሽ ላይ ነው። "አቦ!" ብሎ የማያቅፍህ የለም። ይሄ እውነት ነው፣ የምኮራበትም ነው። ግን ባለፈው ዓመት ከሳቢያን ወደ ከዚራ ባጃጅ ይዤ ስሄድ አሽከርካሪው በመስታወቱ አየኝና "አቦ፣ ዛሬ ልጄ አንደኛ ክፍል ገባች" አለኝ። ስልኬ ላይ ነበርኩ። "እሺ፣ እዚያ ጥላው ጋ አውርደኝ" አልኩት። ከፍዬ ወረድኩ። ቢሮ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ድንግጥ ያልኩት። ስሟን አልጠየቅኩም። እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። ኢዮናን ስንቴ አንብቤያለሁ፣ ስንቴ ስለ እሱ ለጓደኞቼ ተናግሬያለሁ፤ ጋሪው ላይ ስቀመጥ ግን መኮንኑን ሆኜ ተገኘሁ። ከመኮንኑም ብሻል ጥሩ ነበር፤ እሱ ቢያንስ "ምን ሆኖ?" ብሏል።

ስለ አባዬ ሳልነግራችሁ ይሄ ነገር አያልቅም።

አባዬ የባቡር ሰው ነበር። ወርክሾፕ ነው የሠራው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። ድሬዳዋን ራሷን ባቡር ነው የወለዳት፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያስወጣው ተራራ ከበደ፣ ጣቢያው ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማውም በዙሪያው በቀለ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፣ ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር። አባዬ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል። ከሽንሌ እስከ ደወሌ፣ ከኤረር እስከ አዋሽ ጣቢያዎቹን በተርታ ይጠራል። አለቃውን ሼፍ ነው የሚለው፤ የባቡር ሰው ሁሉ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋል።

ሰው ሲሞት ቀኑ ይታወቃል። ባቡሩ ግን የሞተበት ቀን የለውም። ዘገየ፣ ተቆራረጠ፣ በሳምንት ይሄን ያህል ጊዜ ተባለ፣ ከዚያም በወር፣ ከዚያ አንድ ሰሞን ፊሽካውን ሳንሰማ እንደከረምን ትዝ አለን። ማንም "ዛሬ ሞተ" አላለም። በኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ፣ ደስም አለን። አባዬም ደስ ብሎታል፤ ሲመረቅ በቴሌቪዥን አብረን አይተናል። ግን የአሮጌው ለቅሶ አልተለቀሰም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሌሊት አሥር ሰዓት ይነቃል። ይላጫል። ካኪ ሸሚዙን ይለብሳል፣ የላይኛዋን ቁልፍ ይቆልፋል። በረንዳ ላይ ይቀመጣል።

እና ያወራል። "አንድ ጊዜ አፍደም ላይ..." ብሎ ይጀምራል። እኔ ምን እለዋለሁ? "አባዬ፣ ይሄን ነግረኸኛል።"

ነግረኸኛል። ከዚህ ቃል የከፋ ቃል አላውቅም። ስድብ አይደለም፣ ቁጣም የለበትም፣ በፍቅር ይባላል። ለቅሶ ቤት ግን ማንም አይለውም። 17 ጊዜ "ሰኞ ለት ደህና ነበር" ያሉትን ሴትዮ አንድም ሰው "ነግረውኛል" አላላቸውም። ከቤተሰቦቻቸው መካከል ሁሉንም ጊዜ የሰሙ ነበሩ፤ እነሱም በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። አባዬ ግን አፍደም ሳይደርስ አፉን ይዘጋል። "እውነትህን ነው፣ ነግሬሃለሁ" ይላል። ሻዩን ያነሳል።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሙቀቱ የድሬ የሰኔ ሙቀት ነው፣ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። አልጋ አውጥተን ግቢ ተኛን። እንቅልፍ እምቢ አለ። ምን እንዳሰብኩ እንጃ፣ የካፍካን ታሪክ ነገርኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣውን፣ የግሬጎር ሳምሳን። አንድ በየከተማው እየዞረ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ቤተሰቡን እሱ ነው የሚያኖረው፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ ግዙፍ ተባይ ሆኖ ራሱን አገኘው፣ የበለጠ ያስጨነቀው ግን ተባይ መሆኑ ሳይሆን ባቡር ማምለጡ ነው አልኩት።

አባዬ ቀና አለ።

"ባቡሩ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?"

"አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሌሊት።"

"እሱስ ስንት ሰዓት ነቃ?"

"አሥራ ሁለት ተኩል።"

"አይ!" አለ። እውነተኛ ኀዘን ነበር። "ደወል የለውም እንዴ?"

"አለው። አሥር ሰዓት ላይ ሞልቶታል። ሳይሰማው ቀረ።"

"የሚቀጥለውስ?"

"አንድ ሰዓት ላይ አለ።"

"እንግዲያው ቶሎ ከለበሰ ይደርሳል።"

"አባዬ፣ ተባይ ሆኗል እኮ።"

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ቢሆንስ።"

እኔ ይሄን ታሪክ ስንት ትንታኔ አንብቤበታለሁ። "ቢሆንስ" የሚለውን ያህል የገባው አላገኘሁም። ግሬጎር በአምስት ዓመት አገልግሎቱ አንድ ቀን ታምሞ አያውቅም። አንዷን ባቡር ስላመለጠው ብቻ ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ ተልኮ ቤቱ ድረስ መጣ። ይሄንንም ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አልገረመውም። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ እንደተዘጋበት ነገርኩት።

"ማን ነው የሚያበላው?"

"እህቱ።"

"ጎሽ።"

መጨረሻውን ልዝለለው አስቤ ነበር። ዝም አልኩ። እሱ ግን "ከዚያስ?" አለኝ። ደጋግሞ፣ "ከዚያስ?" እኔ ለእሱ ብዬው የማላውቀውን ቃል። ነገርኩት። አባትየው በንዴት ፖም ወርውሮበት አንዱ ጀርባው ላይ ተሰክቶ እንደቀረ። ንግግሩ አልገባቸው ስላለ የእነሱም ንግግር የማይገባው መስሏቸው ፊቱ ያወሩ እንደነበር። ያቺው ስታበላው የነበረች እህቱ በመጨረሻ ከዚህ ነገር መገላገል አለብን እንዳለች። ሊነጋጋ ሲል እንደሞተ። ሠራተኛዋ እንዳገኘችው። ቤተሰቡ የዚያን ዕለት በትራም ከከተማ ወጥተው እንደተናፈሱ።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የተኛ መስሎኝ ነበር። ከጎረቤት ግቢ ሬዲዮ በሶማሊኛ ይሰማል።

"የሚሉትን ይሰማ ነበር ነው ያልከኝ?"

"አዎ፣ ሁሉንም።"

"እሱ ነው የሚከፋው" አለኝ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ "ነግረኸኛል" ብዬው አላውቅም ብላችሁ ደስ ባለኝ። ብዬዋለሁ። ሥራ ላይ ስሆን፣ ስልክ ስይዝ፣ ሲደክመኝ ብያለሁ። ግን አንዳንድ ምሽት "አፍደም ላይስ?" እለው ነበር፣ እሱም ይጀምራል። እየደጋገመ ሲናገር ታሪኩ እንደ ጎረቤታችን ፉል ነበር፤ በየጊዜው አንድ ነገር ይጨመርበታል። የሎኮሞቲቩ ቁጥር። የአንዲት ወተት ሻጭ ሴት ድምፅ። ማታ ማታ ከሐዲዱ የሚነሳው የጋለ ብረት ሽታ። ቀድሞም የነገረኝ መስሎኝ የነበረው ታሪክ፣ ሳስበው፣ ግማሹን አልነገረኝም ነበር።

አባዬ በጥር አረፈ። ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶ ተጣለ።

ሁለተኛው ማታ ነው። ለማደር የመጡት ወጣቶች ጥግ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ጡረተኛ የባቡር ሰዎች መጡ፤ አምስት ናቸው፣ ሁለቱ በምርኩዝ። እንደ ወጉ ተቀመጡ። ዝም ተባለ። አንዱ "ምን አገኘው?" አሉኝ። እኔም ጀመርኩ። "ማክሰኞ ለት ደህና ነበር..." አልኩ፣ ስንተኛዬ እንደነበር አላውቅም፣ ሰባተኛ ይሁን ስምንተኛ። ስናገር ካኪ ሸሚዙን አስቤ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለማንም ያልተናገርኩትን የላይኛዋን ቁልፍ ነገርኳቸው። ሳቁ። "ያቺን ቁልፍማ!" አሉ አንደኛው። "ሼፉ ራሱ እንዲህ አይቆልፍም ነበር።"

ከዚያ ስለ ባቡሩ ማውራት ጀመሩ። በሹክሹክታ ነበር የጀመሩት፣ በኋላ ድምፃቸው ከፍ አለ። የቆመበትን ሰሞን አወሩ፣ ወርክሾፑ ፀጥ ያለበትን ጠዋት አወሩ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ከበሩ አልወጣም ብሎ እስከ ማታ እንደቆየ። ድንኳኑ የአባዬ ነው። ግን እዚያ የሚለቀሰው አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ተሰማኝ። ከአምስቱ አንዱ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ከአባዬ ጋር በአንድ ሌሊት ብልሽት ሊጠግኑ ወደ አዋሽ መስመር ስለወጡበት ጉዞ መናገር ጀመሩ። ዝናብ ነበር፣ ፋኖስ ነበር፣ አባዬ ወጣት ነበር። መሀል ላይ አንድ ልጅ ሻይ ይዞ መጣ፣ ብርጭቆ ሊቀበሉ ቆም አሉ። ስኳሩን በቀስታ አማሰሉ። ልጁ ከፊታችን አልሄደም።

"የት ላይ ነበርኩ?" አሉኝ።

"ገና ኤረር አልደረሳችሁም" አልኳቸው።